ለአንድ ሹክሹክታ የተሠራ ጭስ ማውጫ

ከዚህ በታች ከጻፍኩት ውስጥ አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝ መጋዜ ይዶልዱም፣ ሙጫዬ እንጨት መያዝ ያቁም፣ የምሠራው በር ሁሉ አልዘጋም ይበል። አናጢ ከዚህ የከፋ መሐላ የለውም። ደግሞ ምስክር አለኝ፤ ባለቤቴ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እዚያው ነበረች። እሷ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው የምትሠራው። ጮክ ብላ አትናገርም፣ ጨምራም አትናገርም። እኔ በአንድ ትንፋሽ የማወራውን እሷ በዓመትም አታወራው። ስለዚህ ልባችሁን አሳርፉና አንብቡ።

እኔ ጸጥ ያለ ኮምፒውተር የሠራሁ ሰው ነኝ። ጸጥ ያለ ስላችሁ ድምፁ ቀነስ ያለ ማለቴ አይደለም። አጠገቡ ስትቀመጡ የገዛ ሽፋሽፍታችሁ ሲርገበገብ የሚሰማችሁ ዓይነት ነው። ሳሎናችን የገባች ዝንብ በጣቷ ጫፍ ነበር የምትራመደው፤ በዓይኔ አይቻለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በባለቤቴ አባት ነው። እኛ ቤት ሁሉም ሰው "አባባ" ነው የሚላቸው። አባባ በወጣትነታቸው የባቡር ጣቢያ ዘበኛ ነበሩ። አንድ ቀን ፊልም የሚያነሱ ሰዎች ካሜራቸውን ተሸክመው ጣቢያው ድረስ መጡ፤ ዘበኛ ሆኖ የሚጫወተው ሰውዬ ግን ሳይመጣ ቀረባቸው። አባባ ደግሞ ይኸው ዘበኛ ናቸው፣ ልብሱም በላያቸው ላይ ነው። "አንተ ና!" ተባሉ፤ ሄዱ።

የተሰጣቸው ሚና እንዲህ ነው። የሚታደን ሰው ጨለማ መጋዘን ውስጥ ተደብቋል። ዘበኛው ፋኖስ ይዞ ይገባና ያገኘዋል። ዓይን ለዓይን ይተያያሉ። ዘበኛው ፋኖሱን እፍ ብሎ ያጠፋዋል፤ ድፍን ባለው ጨለማ ውስጥ አንድ ነገር ሹክ ይለዋል። በቃ፣ የአባባ ተዋናይነት ይህችው ናት።

ችግሩ ያንን ሹክሹክታ እስካሁን አንድም ፍጡር አለመስማቱ ነው። ፊልሙ ሲኒማ ቤት ሲታይ የጣሪያው ማራገቢያ ይንኳኳል፣ ወንበሩ ይንቋቋል፣ የሚያስለው ሁሉ ጨለማውን ጠብቆ ያስላል። በኋላ በካሴት ሲወጣ ደግሞ ካሴቱ ራሱ ሽሽሽ ይላል፤ ዘበኛው ሳይሆን ዝናብ ሹክ ያለ ነው የሚመስለው። አባባ ራሳቸው እንኳ አልሰሙትም። እማማ፣ ማለትም የባለቤቴ እናት፣ ይህችን ነገር ከሠርጋቸው ማግስት ጀምረው ይዘዋታል።

"ምንም አላልክም! መብራት አጥፍተህ በጨለማ ተገትረህ ነው የመጣኸው" ይሏቸዋል።

"ተናግሬያለሁ!"

"ምን ብለህ?"

"ከፊልሙ ስሚው። እኔ ብነግርሽማ አሁን ፈጠርከው ነው የምትይኝ።"

እንግዲህ ዕድሜ ልካቸውን እንዲሁ ሲባባሉ ኖረዋል። ልጆቻችን ሳይቀሩ "ድምፅ አልባው ተዋናይ" እያሉ ነው የሚጠሯቸው። አባባ ይስቃሉ፤ ግን ሳቁ ከከንፈር አያልፍም። በቅርቡ ደግሞ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ወስደናቸው ነበር። ግራው ጆሮ ሄዷል። ቀኙም ጓዙን እየሸከፈ ነው ተባለ። ከሐኪሙ ቤት ስንወጣ አባባ መኪና ውስጥ ሆነው፣ "እሷ ሳታምነኝ፣ እኔም ሳልሰማው ሊቀር ነው" አሉ። ማንን እንዳሉ፣ ምኑን እንዳሉ ሁላችንም ገባን።

በዚህ መሐል ነው ባለቤቴ አንድ ምሥራች ይዛ የመጣችው። ያ ፊልም አቧራው ተራግፎ፣ ጭረቱ ተጠግኖ፣ ድምፁ ተጣርቶ እንደ አዲስ ተዘጋጅቷል፤ ለቤተ መጻሕፍቱም አንድ ቅጂ ደርሶታል።

"ድምፁ በጣም ጥሩ ነው ይላሉ" አለች።

"ሰማሽው?"

"አይ። አባዬ ሳይሰማው አልሰማም።"

እኔም እዚያው ላይ ደረቴን ነፋሁ። "በእኔ ሳሎን፣ በእኔ ስክሪን፣ በእኔ ስፒከር ይሰሙታል!" አልኩ። ስክሪናችንን ያላያችሁ እንድታውቁት፣ ግድግዳው ስክሪኑን ያዘ ከማለት ስክሪኑ ግድግዳውን ያዘው ማለት ይሻላል። የቀረው ኮምፒውተሩ ነበር። እንዲህ የጠራው ፊልም ለአሮጌው ኮምፒውተራችን ከበደው፤ ምስሉ ሁለት እርምጃ ይሄድና አንድ እርምጃ ቆሞ ያስባል። ስለዚህ ከሠፈራችን ኮምፒውተር ጠጋኝ ከብሎን አንድ ምስል የሚያስኬድ ጉልበተኛ ግራፊክስ ካርድ አመጣሁ። ብሎን የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የትኛውንም ኮምፒውተር ፈትቶ ሲገጥም አንድ ብሎን ትተርፈዋለች፤ እሷን ኪሱ ውስጥ ከቶ "ትርፍ ነበረች" ይላል።

ካርዱ ጉልበተኛ ነው ስላችሁ እመኑኝ። ምስሉ እንደ ውኃ ፈሰሰ። ግን እንዲህ ያለ ካርድ ሲሠራ ይግላል፣ ሲግል ላዩ ላይ ያሉት ትንንሽ ማራገቢያዎች ይነሣሉ፣ እነሱ ሲነሡ ደግሞ ሄሊኮፕተር ሳሎናችን ውስጥ ማረፊያ እየፈለገ ነው የሚመስለው። መጋረጃው ተውለበለበ። ላይኛው ፎቅ ያሉት ጎረቤታችን ወርደው "ወፍጮ ቤት ከፈታችሁ እንዴ?" አሉ።

በዚህ ጩኸት መሐል ነው የዘበኛ ሹክሹክታ የሚሰማው? ድንቄም!

አናጢ ነኝና የማውቀው መፍትሔ አንድ ነው፤ ለሚጮኽ ነገር ሣጥን ይሠራለታል። በዓለም ላይ ካሉት ቁም ሣጥኖች ሁሉ የጠበቀውን ሠራሁ። ውስጡን ከአሮጌ ሶፋ ባወጣሁት ስፖንጅ ደፈንኩት። በሩን ስዘጋው አየሩ ራሱ "ማስተር፣ እኔ በየት ልግባ?" ብሎ ጠየቀኝ። ኮምፒውተሩን ውስጡ አስቀመጥኩ፣ ዘጋሁ፣ ጸጥ! ባለቤቴን ጠርቼ "ስሚ!" አልኳት። እሷም ሰማች፤ ማለት ምንም አልሰማችም።

"አይታፈንም?" አለች።

"ኮምፒውተር ሳንባ የለውም" አልኳት።

ፊልሙን ለሙከራ ከፈትኩት። ትንሽ እንደቆየ የተዋናዮቹ ፊት አረንጓዴ ሆነ። ቀጥሎ ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች መስመር መስመር ሞላው። ቀጥሎ ድርግም! የቁም ሣጥኑን በር ስከፍተው የወጣው ሙቀት ቅንድቤን ጠበሰው። ቫርኒሹ ያልበው ነበር። ጎኑ ላይ ተኝታ የነበረችው ድመታችን ገልበጥ ብላ ሌላውን ጎኗን ሰጠችው።

ብሎንን ጠራሁት። መጣ፣ አየ፣ ሣጥኑን ዳሰሰ፣ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ እስኪያነባ ሳቀብኝ።

"ማስተር፣ ይሄ ኮምፒውተር ነው ወይስ የዳቦ መጋገሪያ?"

"ሳቅህን ጨርስና መድኃኒቱን ንገረኝ።"

"ካርዱ ሲፈላ ራሱን ለማዳን ኮምፒውተሩን ያጠፋዋል፤ ባያጠፋውማ ይቃጠል ነበር። ሰው ብርድ ልብስ ተከናንቦ ሶምሶማ ሲሮጥ አስበው። አንተ በስፖንጅ ጠቀለልከው እኮ!"

"ማራገቢያው ደግሞ ይጮኻል።"

"ማራገቢያውን እናወልቀዋለን። በምትኩ ትልልቅ የአሉሚኒየም ክንፎች አስርለታለሁ፤ ሙቀቱን ከካርዱ ይቀበላሉ። ግን ከክንፎቹ ላይ ደግሞ አየር ይውሰደው። ሙቅ አየር ወደ ላይ መሄድ ይወዳል፤ መንገድ ካገኘ ማንም ሳይገፋው ይሄዳል። አንተ መንገዱን ዘግተህ ነው የምትጣላው።"

"መንገድ" የምትለዋ ቃል አናቴ ውስጥ ስትገባ መብረቅ ወረደብኝ። ብሎን የነገረኝ ይህችን ብቻ ነው፤ የቀረውን ሁሉ ያሰብኩት እኔ ነኝ። ጭስ ማውጫ! ጭስ የሌለው ጭስ ማውጫ!

ስፖንጁን ነቅዬ ጣልኩ። ከቁም ሣጥኑ በታች ቀዝቃዛ አየር የሚገባበት ቀዳዳ ከፈትኩ። ከላይ ደግሞ ከስስ ጣውላ የተሠራ ባለ አራት ማዕዘን ቱቦ ተከልኩ፤ ቱቦው ግድግዳውን ታኮ ሽቅብ ይወጣል፣ መስኮቱ ጋ ሲደርስ ይታጠፍና ወደ ውጭ አንገቱን ያሰግጋል። ውስጡን እንዴት እንዳለሰለስኩት ብነግራችሁ አታምኑኝም፤ አየሩ ሲያልፍ ያዳልጠው ነበር። መስኮቱ አጠገብ፣ ቱቦው ላይ፣ መዳፍ የምታህል በር አበጀሁለት። በር የሌለው ነገር መሥራት አልችልም፤ አመል ነው። ማጠፊያ አለው፣ ቁልፍ መሳይ መወርወሪያ አለው። ሰው ቢያየው መኖሪያ ቤት ይመስለዋል።

ብሎን ክንፎቹን አሥሮ ገጠመው። አንዲት ብሎን ተረፈችው፣ ኪሱ ከተታት።

ሞከርነው። አረንጓዴ ፊት የለም፣ መስመር የለም፣ ድምፅ የለም! ሙቀቱ በቱቦው ሽቅብ እየተመመ በመስኮት ይወጣል። ከታች የሚገባው አየር ከጉልበቱ የተነሣ ነጠላ ጫማዬን ጎትቶ ቁም ሣጥኑ ሥር ከተተው። የሠፈሩ እርግቦች ሁሉ ከመስኮታችን ሥር ተሰልፈው ተራ በተራ ደረታቸውን ያሞቁ ጀመር፤ የላይኛው ፎቅ ጎረቤታችን ካልሲ የሚያሰጡት እዚያው ሆነ። ጉም ያለበት ቀን ቢሆን ጉሙ የሚገለጠው ከእኛ መስኮት ጀምሮ ነው።

ባለቤቴ ጆሮዋን ወደ ቁም ሣጥኑ አስጠግታ ቆየችና "ጥሩ ነው" አለች። ከእሷ አፍ "ጥሩ ነው" ማለት ለሌላ ሰው በሰልፍ ሙዚቃ የሚሰጥ ኒሻን ነው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ አባባና እማማ መጡ። አባባ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አሥረው ነው የመጡት። ሶፋው ላይ ቀኝ ጆሯቸው ወደ ስፒከሩ እንዲሆን አድርጌ አስቀመጥኳቸው። እማማ በአንድ ጎን፣ ባለቤቴ በሌላ ጎን። መጋረጃውን ዘጋሁት፤ ሳሎኑ ሲኒማ ቤት ሆነ።

እማማ ወዲያው አንገታቸውን ደበቅ አደረጉ።

"ይሄ ንፋስ ከየት ነው የሚመጣው?"

"ንፋስ አይደለም እማማ፣ የኮምፒውተሩ ሙቀት ነው። ደግሞ ወደ ውጭ ነው የሚሄደው።"

"ንፋስ ንፋስ ነው ልጄ። ሲገባም ይመታል፣ ሲወጣም ይመታል። ይሄ ሽማግሌ ሳል አለበት።"

"እኔ ምንም አልበረደኝም" አሉ አባባ።

"አንተ ዝም በል! ሲበርድህ መቼ ታውቅና።"

እኔም ለእማማ ሳይንሱን አስረዳኋቸው። ስለ ሙቅ አየር፣ ስለ ቀዝቃዛ አየር፣ ስለ ክንፎቹ፣ ስለ ጣውላው ልስላሴ፣ ስለ ትንሿ በር ሳይቀር አወጋሁላቸው። ዩኒቨርሲቲ ቢሆን ቆመው ያጨበጭቡልኝ ነበር። እማማ አዳመጡኝ፤ ከዚያ ተነሥተው ወደ መስኮቱ ሄዱ፣ መጋረጃውን ሲያስተካክሉ፣ ቱቦዬን ሲያደንቁ ነው መሰል እዚያ ጥቂት ቆዩ። ሲመለሱ ጭራሽ አንገታቸው ላይ የነበረው የሱፍ ሻርፕ እንኳ የለም። እንዲህ ነው ማሳመን! ብርድ ብርድ ይላቸው የነበሩ ሴትዮ ከእኔ ትንታኔ በኋላ ሞቋቸው አንገታቸውን ገልጠው ተቀመጡ።

"አሁን ይሻላል" አሉ።

ፊልሙ ተጀመረ።

እኔ ስክሪኑን አላየሁም። የመርከብ መሐንዲስ ባሕሩን ያያል እንዴ? የእኔ ቦታ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ነበር። እጄን በመስኮት አውጥቼ የቱቦው አፍ ላይ ደቅኜ ሙቀቱን እጠባበቃለሁ። ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ምንም! ትንሽ ለብታ እንኳ የለም። ፊልሙ እየሮጠ፣ ካርዱ እየለፋ፣ ከቱቦው የምትወጣ ጠብታ ሙቀት የለችም። የሠራሁት ነገር ከማቀዝቀዝ አልፎ ሙቀትን ከነዘሩ አጥፍቶታል አልኩ በልቤ። እርግቦቹ መጡ፣ ደረታቸውን ሰጡ፣ ተያዩና ሄዱ።

ባቡሩ ሲያፏጭ ሰማሁ። ይቺ ፉጨት የምትሰማው ከመጋዘኑ በፊት ነው። የመጋዘኑ በር ሲጢጥ ሲል ሰማሁ፤ መጥፎ ማጠፊያ ነበር፣ የእኔ ቢሆን ሲጢጥ አይልም። የዘበኛውን ኮቴ ሰማሁ። ወደ ሳሎኑ በመጋረጃው ቀዳዳ አጮለቅኩ። የሁሉም ፊት በስክሪኑ ብርሃን ነጭ ሆኖ ይታየኛል። አባባ ከረባታቸውን ይዘውታል።

ከዚያ ጨለመ። እንዴት ያለ ጨለማ መሰላችሁ! የጨለማ አባት! ርካሽ ስክሪን ጨለማ ሲያሳይ ግራጫ ነው፤ የእኔ ግን ድፍን፣ ከሰል፣ የጉድጓድ ውስጥ ጥቁር። አንድም ፊት አይታየኝም። ጸጥታው ደግሞ! ኮምፒውተሩ የሌለ ይመስል ነበር። ስፒከሩ እንኳ ያቺን የተለመደች ቀጭን እዝዝታውን ተወ። ትንፋሼን ያዝኩ። እማማ ትንፋሻቸውን ያዙ። ላይኛው ፎቅ ያሉት ጎረቤታችን ሳይቀሩ ትንፋሻቸውን የያዙ መሰለኝ።

ጨለማው ረዘም አለ። ጥሩ ዳይሬክተር ነው፤ ሰውን ማስጠበቅ ያውቃል።

ከዚያ መጣ።

"ሂድ ወንድሜ። እኔ አላየሁህም።"

በቃ እሷው ናት። ትንሽ ነዘር ነዘር ትላለች፣ ግን ጥርት ብላ። የምምልላችሁ ነገር ቢኖር፣ ድምፁ ከስፒከር የወጣ አይመስልም ነበር፤ እዚያው ሶፋው ላይ የተቀመጠ ሰው የተናገረው ነው የሚመስለው! ጥራት ማለት ይህ ነው! የትንፋሹ ሙቀት ሳይቀር ይሰማል። የአርባ ዓመት ሹክሹክታ በእኔ ቁም ሣጥን አልፎ፣ አቧራውን አራግፎ፣ ሕያው ሆኖ ወጣ።

ከዚያ እማማ በጨለማው ውስጥ ሲያለቅሱ ሰማሁ።

"አንተ ሽማግሌ... ለካ ብለኸዋል።"

"ብዬዋለሁ አላልኩሽም?"

"ይህን የመሰለ ነገር ብለህ ነው ዝም ያልከኝ? ምናለ ብትነግረኝ!"

"ነግሬሽ ታምኚ ነበር?"

"አላምንም" አሉ እማማ፤ ሳቁ፣ አለቀሱ፣ እንደገና ሳቁ። ከመጋረጃው ጀርባ ዘልዬ ወጣሁ፤ መጋረጃውንም ይዤው ነው የወጣሁት። ብርሃን ሳሎኑን ሞላው። እማማ የአባባን ጉንጭ በሁለት እጃቸው ይዘው ግራ ቀኝ ይስሟቸዋል። እኔም እግራቸው ላይ ወደቅሁ፤ የደስታዬን ጮኽኩ፣ ስፒከሩን ሳምኩ፣ ቁም ሣጥኑን ሳምኩ፤ ድመቷን ልስማት ስል አመለጠችኝ።

"ሰሙት አባባ?" አልኳቸው በቀኝ ጆሯቸው።

አባባ አንዴ ባለቤቴን፣ አንዴ እኔን አዩ። "ሰማሁት ልጄ" አሉ። "እጅህ ይባረክ።"

በዚያ ሁሉ ጫጫታ የፊልሙን ቀሪ ያስታወሰም የለም። ከዚያ ወዲህም ኮምፒውተሩን አልከፈትነውም። እኔ ነኝ የከለከልኩት፤ እንዲህ ያለ ዕቃ ለዜናና ለኳስ ጨዋታ አይነሣም። ብሎን ወሬው ደርሶት ቱቦውን ሊያይ ቢመጣ፣ ጫማህን አውልቅ ብዬ ነው ያስገባሁት። አሁን መንገድ ላይ ስሄድ ሰዎች ይጠቋቆማሉ። "ሙቀትን ያጠፋው ሰውዬ" ይሉኛል። ይሉኛል ብዬ አስባለሁ፤ ድምፃቸው አይሰማም፣ ግን ከንፈራቸው እንደዚያ ነው የሚለው።

ይህን ሁሉ ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ወረቀቱን ለምስክሬ ሰጠኋት። ቁም ሣጥኑ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ቁጭ ብላ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ ቀስ ብላ አነበበችው። አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። መጨረሻ ላይ ወረቀቱን አስተካክላ አጠፈችው።

"እንዴት ነው?" አልኳት። "የጎደለ ካለ ጨምሪበት።"

"የእማዬ ሻርፕ ገና ትንሿ በር ውስጥ ነው" አለች።

"የምን ሻርፕ?"

"ንፋሱን ልትዘጋ ወትፋው ነበር።" በዚያው የቤተ መጻሕፍት ድምፅዋ ቀጠለች። "ኮምፒውተሩ የጠፋው አባዬ ፋኖሱን እፍ ሳይል በፊት ነው። እማዬ ዓይኗ ስለሚደክም አልለየችውም፣ አንተ ደግሞ መስኮቱ ጋ ነበርክ።"

"ታዲያ ድምፁ?"

መነጽሯን አወለቀች።

"አባዬ ትንሽ ጠበቀ። ከስፒከሩ የሚመጣ ድምፅ እንደሌለ ሲገባው እጄን ጥብቅ አድርጎ ያዘኝና ራሱ ተናገረው።"